ያልተላጨው ጋጋሪ

በአባቱ ወገን ወንድ ልጅ አርባ ዓመት ሲሞላው ጸጉሩን ይሰናበታል። በቤተሰቡ ዘንድ ይህ እንደ ቁመትና እንደ አፍንጫ የታወቀ ነገር ነው፤ ማንም አያዝንበትም፣ ማንም መድኃኒት አይፈልግለትም። ስለ አጎቶቹ አናት ሲቀለድ ዝንብ ብታርፍበት አዳልጧት ትወድቃለች ይባላል። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ ገና ሠላሳ አምስትን ሲያልፉ ግንባራቸው ወደ ኋላ መገስገስ ጀመረ፤ ዛሬ ከጆሯቸው በላይ የቀረችውን ለማስታወሻ ያህል ነው የያዟት። ስለዚህ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ጸጉሬን አሳድጋለሁ ብሎ ሲነሳ ቤተሰቡ በሳቅ መፍረሱ አይገርምም።

"ባቡሩ ፊሽካ ሲነፋ ነው ትኬት የቆረጥከው" አለው ታላቅ ወንድሙ፣ የራሱን አናት እየዳበሰ።

ሰውየው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ በአንድ ዳቦ ቤት ሊጥ እየቆረጠ ያድቦለቡላል። ሚዛን አጠገቡ ቢኖርም እምብዛም ዞር ብሎ አያየውም፤ እጁ ልኩን ያውቃል። ሲበዛ ዝምተኛ ነው። ሲቆጡትም "እሺ"፣ ሲያመሰግኑትም "እሺ" ይላል። ጸጉሩ አድጎ መታጠፍና መጠቅለል ሲጀምር የሥራ ጓደኞቹ "ሞገደኛው" የሚል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው፤ ከጸጉሩ በቀር ሞገድ የሚባል ነገር ያልፈጠረበትን ሰው እንዲህ ብሎ መጥራት የቀን ሳቃቸው ሆነ። እሱም ስሙን ወደደው። እኛም በዚሁ እንጥራው።

ሞገደኛው እስከዚያ ዕድሜው ጸጉሩን ያላሳደገው ጠልቶት አይደለም፤ አይቶት ስለማያውቅ ነው። ልጅ ሳለ አባቱ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ሦስቱን ወንዶች ልጆች በረንዳ ላይ አሰልፈው በእጅ መላጫ ያጸዷቸው ነበር። የእሱ ተራ ሲደርስ መላጫው ይነክሳል። "ይሄ ጸጉር አይደለም፣ ጥሻ ነው" እያሉ አባቱ ይገፉታል፤ እሱ እንባው እየወረደ ዝም ይላል። ካደገ በኋላም በዚያው ልማድ ቀጠለ። ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ገብቶ "ዜሮ" ይላል፣ ይወጣል። ከጣት ጥፍር የረዘመ ጸጉር ኖሮት አያውቅም።

ነገሩን የቀየረው ስብራት ነው። አንድ ቀን ከሊጥ ማቡኪያው ማሽን ሥር የፈሰሰ ውሃ አዳለጠውና ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ሦስት ወር ተኩል ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከእናቱ ጋር ቤት ዋለ። ሸሚዙን እንኳ በወጉ መልበስ ያቃተው ሰው ጸጉር መቆረጥ ከየት ትዝ ይለዋል? ጸጉሩም አጋጣሚውን ሳያሳልፍ በቀለ። አንድ ጠዋት እናቱ ከጆግ ውሃ እያፈሰሱ ራሱን ሲያጥቡት በድንገት እጃቸውን አቆሙ።

"ምነው እማዬ? ቆስሏል እንዴ?"

"አልቆሰለም" አሉ። ጣታቸውን በእርጥቡ ጸጉር መሀል አስገብተው ሳብ አደረጉና ለቀቁት፤ ጸጉሩ ተመልሶ ታጠፈ። "የአባቴ ጸጉር ነው።"

ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። "አራት ልጅ ወልጄ አንዳችሁም የኔን ወገን አልመሰላችሁም። ጎረቤቱ ሁሉ 'አባታቸውን ቁርጥ' ሲለኝ ነው የኖርኩት። እኔም አዎ አዎ እያልኩ ኖርኩ። ለካ እዚህ ተደብቆ ኖሯል። በየሁለት ሳምንቱ ጠርገን ስንደፋው የኖርነው የኔን አባት ነው።"

እናቱ ልጃቸውን ይሄን አድርግልኝ ብለው የሚጠይቁ ሴት አይደሉም፤ ያን ቀንም አልጠየቁትም። ግን ፊታቸው ላይ ያየው ኩራት ከዚያ በፊት በሌላ በምንም ነገሩ አይቶት የማያውቀው ነበር። ትከሻው ድኖ ወደ ሥራ ሲመለስ ጸጉር አስተካካዩን በሩቁ ሰላም ብሎት አለፈ።

መወሰኑስ ቀላል ነው፤ መከራው ያለው ማሳደጉ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ስድስት ወር ሞገደኛው በገዛ ራሱ ላይ ያላደረገው ግፍ የለም። ዱቄት ይበንብኛል እያለ በየቀኑ በገላ ሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ትሪ እንደሚወለውል ሰው በፎጣ ይፈትገዋል። ከዚያ ደግሞ ደርቆ ሲቆም ጥርሱ በተጠጋጋ ማበጠሪያ ከሥሩ ጀምሮ ይጎትተዋል። ማበጠሪያው ሁለት ጥርስ አውልቆ ይወጣል፣ ጸጉሩ በአራቱም አቅጣጫ ይበተናል። መስተዋት ውስጥ የሚያየው ሰው መብረቅ የመታው ይመስል ነበር። እንዲተኛለት ብሎ ዘይት ሲያፈስበት ደግሞ ጸጉሩ አልተኛም፤ የትራሱ ጨርቅ ላይ ያረፈው ቅባት ግን ለወራት ሳይለቅ ቀረ።

በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄደ። እህቱ የሴቶች ጸጉር ቤት አላት፤ እጇ የተመሰገነ፣ ምላሷም የዚያኑ ያህል የተሳለ ነው። ስታየው መቀሷን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

"ማነው የጠላህ?" አለችው።

"እኔው ነኝ እትዬ።"

"ይታያል። ና ተቀመጥ።" ከሦስት ደንበኞች መሀል አስቀመጠችውና ራሱን ወደ ውሃው አዘነበለችው። "ይሄ ጸጉር የሚለምንህ ውሃ ነው፤ አንተ የምትሰጠው ሳሙና። በሳምንት አንዴ ሻምፖ ይበቃዋል። ዱቄቱን በባዶ ውሃ አስለቅቀው። ከዚያ ኮንዲሽነር፤ ሥሩን ተወው፣ ከመሀል ወደ ታች ቀባው። ሳታለቀልቀው እርጥቡን በዚህ ታበጥረዋለህ" ብላ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ ማበጠሪያ እጁ ላይ አኖረች። "ከጫፉ ጀምረህ ወደ ላይ ነው የምትወጣው። ከላይ ወደ ታች የጎተትከው እንደሆነ ግን ቋጠሮውን ታጠብቀዋለህ እንጂ አትፈታውም።"

"ፎጣስ?"

"ፎጣ ለእግርህ። አሮጌ የጥጥ ካናቴራ የለህም? በሱ ጭመቅ ጭመቅ አድርገህ፣ ከሥር በመዳፍህ ወደ ላይ እያፈስክ ለቀቅ። ከዚያ እስኪደርቅ እጅህን ሰብስብ። እየደረቀ የነካኸው ጸጉር ይቆጣል።"

ጫፍ ጫፉን በየሦስት ወሩ መከርከም አለበት ስትለው ግን ለማመን ከበደው። ለማሳደግ መቁረጥ የሚባል ነገር ከሊጥ ጋር በኖረበት ዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። እህቱ አንዷን ዘለላ ወደ መብራቱ አስጠግታ ጫፏ ለሁለት ተሰንጥቆ አሳየችው፤ ካልተቆረጠ ስንጥቁ ወደ ላይ እንደሚወጣ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ እሑድ ከሴቶቹ መሀል ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ጀመር። ደንበኞቹ መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ ለመዱት፣ በመጨረሻ ጸጉሩን እየዳሰሱ ያማርሩ ጀመር። አንዷ እንዲያውም "ይሄን ለወንድ መስጠት ብክነት ነው" ብላ ፊቷን አዞረች። እሱም እሺ አለ።

ከሁሉ የከፋው ጸጉሩ ጆሮው ላይ የደረሰበት ወቅት ነበር፤ ለማሰር ያጥራል፣ ለመተው ይረዝማል። ወንድሞቹ እንጉዳይ አሉት፣ የመብራት አምፑል አሉት። እናቱ ግን ከአሮጌ ቀሚሳቸው የሐር ገበር ፈትተው የትራስ ልብስ ሰፉለት፤ ሻካራ ጨርቅ ላይ ሲተኛ ጸጉሩ እንዳይነጭ። አምስት ወር እንዲሁ አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ጸጉሩ የራሱ ክብደት አሸነፈውና ወረደ። ወፍራም ነው፣ ጥቁር ነው፤ ከግንባሩ ተነስቶ እየታጠፈ አንገቱን አልፎ ትከሻው ላይ ይቆማል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት የግንባሩ ድንበር አንዲት ጋት አልተነቃነቀም። በየጠዋቱ መስተዋት ፊት ይህን ሲያረጋግጥ ደረቱ ይነፋ ነበር፤ ቢነፋም አይፈረድበትም፣ የለፋበት ነው።

ዳቦ ቤቱን የሚያዙት ዋና ጋጋሪው ናቸው። ስልሳን ያለፉ፣ አጠር ያሉ፣ አናታቸው እንደ ሸክላ ሳህን የሚያበራ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ሞገደኛውን ሊጥ መያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ጎበዝ ብለውት አያውቁም፤ የእጁን ዳቦ ግን ለይተው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። ጸጉሩ ከጆሮው ሲያልፍ አንድ ከሰዓት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጠሩት።

"ጸጉሩ የራስህ ነው" አሉት። "ዳቦው ግን የራስህ አይደለም።"

"አዎ ጋሼ።"

"አንዲት ዘለላ ከዳቦ ውስጥ የተገኘች ቀን ተላጭተህ ትገባለህ። ክርክር አልፈልግም።"

"እሺ ጋሼ።"

እሺ ብሎ ብቻ አልተቀመጠም። የእሱ ፈረቃ ከሰዓት ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ረፋድ ላይ ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ ያነጥፋል፣ ጸጉሩን በውሃ ያርሳል፣ ጎንበስ ብሎ ከጫፍ እስከ ሥር ያበጥረዋል። በዚያ ቀን ሊረግፍ ያለው ሁሉ እዚያው አንሶላው ላይ ይረግፋል። ለቅሞ ይጥለዋል። ከዚያ ጠቅልሎ ያስራል፣ ላዩ ላይ መረብ፣ በመረቡ ላይ ግንባሩን ጥብቅ የሚያደርግ ሻሽ፣ በሻሹ ላይ የሥራ ቆብ። ሊጥ አቡኪው "ሙሽራዋ ተሸፈነች" እያለ ቢያሾፍበትም ጆሮ አልሰጠውም። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሠራ፤ አንዲት ዘለላ አልተገኘችም።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ መጡ። ለስንት ዓመት የዳቦ ቤቱ ደንበኛ የሆኑ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ አውጥተው ረጅሙ የሊጥ ገበታ ላይ አስቀመጡት።

"በሽተኛ ነው ያገኘው" አሉ።

ከዳቦው ቅርፊት ላይ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የጣት ያህል የረዘመ ጸጉር ግማሹ ተጋግሮ ግማሹ ወጥቶ ይታያል። ማቡኪያው ማሽን ቆመ። በቤቱ ውስጥ ስምንት ሰው አለ፤ አንዱ በራ ነው፣ ስድስቱ ተከርክመዋል። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ዓይን ሁሉ አንድ ቆብ ላይ አረፈ። ሊጥ አቡኪው እንኳ አልቀለደም፤ ይህ ሞገደኛውን ከቀልዱ ይልቅ ጎዳው።

ዋና ጋጋሪው ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቀው እስከ በር ሸኟቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

"ቃልህ ትዝ ይልሃል?"

"ትዝ ይለኛል ጋሼ።"

"ነገ ተላጭተህ ግባ።"

"እሺ ጋሼ።" ቀጥሎም "ይቺን ልውሰዳት?" አለ። ጸጉሩን ከዳቦው መዝዞ በቁራጭ ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያን ሁሉ መረብና ሻሽ አልፋ ያዋረደችውን ነገር አይቶ ሊረዳ ፈልጎ ይሆናል።

ቤት ሲገባ እናቱ መስኮት ሥር ተቀምጠው ቁልፍ እየተከሉ ነበር። ቆሞ ነገራቸው፤ አንድም ቃል አላጣፈጠም። እናቱ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት።

"በሽተኛ ነው ያገኘው?"

"አዎ እማዬ።"

"እንግዲያስ ቃልህን ጠብቅ" አሉ። "ሰው የሚበላውን ያቆሸሸ ጸጉር የአባቴም ቢሆን ይቅርብኝ።" ከዚያ ማበጠሪያውን እንዲያመጣ ላኩት። ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እሳቸውም እንደ እህቱ ትእዛዝ ከጫፉ ጀምረው፣ ቋጠሮ ሲያገኙ በጣታቸው እየፈቱ፣ ቀስ እያሉ አበጠሩት። አላለቀሱም። ሞገደኛው ግን ፊቱ ወደ ግድግዳው ስለነበር የፈለገውን ማድረግ ይችል ነበር፤ አደረገም። ማዘን የሚገባኝ ለበሽተኛው ነው እያለ ራሱን ይገስጻል፤ ያዘነው ግን ለእናቱ ነው። ደግሞም ያውቃል፦ በእነሱ ቤት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የተላጨ ጸጉር ይመለሳል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም።

በማግሥቱ ጠዋት እህቱ ገና ሱቋን እየከፈተች ደረሰ። ነገሩን ሰምታ ተሳደበች፣ ማንን እንደሆነ ግን አልለየችም። አንገቱ ላይ ጨርቅ አሰረችለት፣ ጸጉሩን ለአራት ከፍላ እያንዳንዱን በላስቲክ አሰረች። መቀሷን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

"እስቲ ያቺን ክፉ ጸጉር አሳየኝ። ጫፏ ተሰባሪ ከሆነ የኔም ጥፋት ነው።"

ወረቀቱን ዘርግቶ ሰጣት። እህቱ ያቺን ጸጉር በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አንከባለለቻት። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። ከዚያ ከራሱ ላይ አንዷን ነቅላ እሷንም አንከባለለቻት። ዓይኗን ጨፍና ደገመችው።

"ይቺ ያንተ አይደለችም" አለች።

"እትዬ፣ ስለምትወጂኝ ነው።"

"ስለምወድህማ አልዋሽህም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ራስ ዳስሻለሁ። ያንተ በጣት መሀል ይዘላል፣ ክብ አይደለማ፣ ጠፍጣፋ ነው፤ ይቺ እንደ ሽቦ ትንከባለላለች። እንዲያውም የሰውም አትመስለኝም።" ጫፏን በጥፍሯ ጫነችው። "ውሃ ነክረህ አድርቃት። ያንተ ጸጉር ቢጋገርም ሲደርቅ ይታጠፋል። ይቺ ቀጥ ብላ ትቀራለች። ሥራ ቦታችሁ የእንስሳ ጸጉር የት ነው ያለው? ብሩሽ ነገር የላችሁም?"

ብሩሽ አለ። ዳቦ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ከፊቱ ላይ ዱቄት የሚጠረግበት፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ብሩሽ። የሠሩት ዋና ጋጋሪው ናቸው፤ ጭራውን መርጠው፣ እጀታውን አለስልሰው፣ በክር አስረው የዛሬ ሃያ ዓመት በእጃቸው ሠሩት። ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። የሱቅ ብሩሽ ሲያዩ ይጸየፋሉ፤ "የኔ አንዲት ጥሎ አያውቅም" ይላሉ። ይህን የሰማ ሠራተኛ ሁሉ አምኖ ኖሯል፤ እሳቸውም ከሁሉ በላይ አምነዋል።

"ቁረጪው እትዬ" አለ ሞገደኛው።

"ምን?"

"ብሩሹ የጋሼ ነው፤ ሰው ሁሉ ፊት ነው የፈረዱት። አሁን ሄጄ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ልበላቸው? ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኔ ልላጭና ነገሩ ይብቃ።"

እህቱ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ከዚያም በአጠገቡ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። "አንተ ተላጨህ፤ ብሩሹስ ተላጨ? በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ በሽተኛ ሌላ ጸጉር ሲያገኝ ያኔ ምንህን ልትቆርጥላቸው ነው?"

ይህ ገባው። ለጸጉሩ ሲል ባይናገር ይችል ነበር፤ ለዳቦው ግን ዝም ማለት አይችልም። ላስቲኮቹን ራሱ ፈታ፣ ጸጉሩን ጠቅልሎ አሰረ፣ ተነሳ።

ዳቦ ቤት የደረሰው የጠዋቶቹ ወጥተው የከሰዓቶቹ ሳይገቡ ነው። ዋና ጋጋሪው ብቻቸውን ጨው ይመዝናሉ። ቀና ብለው አዩት፤ ከቆቡ ሥር ያለውን እብጠትም አዩ።

"አልተላጨህም።"

"አልተላጨሁም ጋሼ።"

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለትእዛዛቸው እሺ ያላለበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ጨዋው ሰው እምቢ ሲል ከባለጌው ይልቅ ያስፈራል፤ ዋና ጋጋሪውም የጨው ማንኪያውን አስቀመጡ። ሞገደኛው በብርጭቆ ውሃ ቀዳ፣ የወረቀቷን ጸጉር ነከረ፤ ከራሱም አንዷን ነቅሎ በዚያው ልክ ቆርጦ ነከረ። ሁለቱ ውሃ ውስጥ ተመሳሰሉ። አውጥቶ በንጹሕ ትሪ ላይ ጎን ለጎን አጋደማቸውና ትሪውን ሙቀት ካለው ከምድጃው አፍ አጠገብ አስቀመጠ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ትንሽ ይጠብቁ ጋሼ።"

ጠበቁ። ቀኝ በኩል ያለችው የራሱ ዘለላ መድረቅ ስትጀምር ወገቧ ተነሳ፣ ጫፏ ታጠፈ፣ ቀስ እያለች ተጠቀለለች። ግራ በኩል ያለችው እንደተጋደመች ቀረች። ዋና ጋጋሪው መነጽራቸውን አደረጉ። ቀጥ ያለችውን አነሱ፤ በጣታቸው መሀል አንከባለሏት። ሃያ ዓመት በእጃቸው የያዙትን ነገር ለማወቅ የማንም ምክር አላስፈለጋቸውም። ወደ ግድግዳው ሄደው ብሩሻቸውን ከምስማሩ አወረዱና ጭራውን በጣታቸው ሳብ አደረጉ። ክሩ ላልቷል። ሦስት ዘለላ በመዳፋቸው ቀረ።

ፊታቸው እንደዚያ ሲጠቁር ሞገደኛው አይቶ አያውቅም። አንጀቱን በሉት።

"ጋሼ፣ ማንም አላወቀም" አለ በቀስታ። "ሌላ ብሩሽ እንግዛ። ለሰዎቹ እኔ የምለውን አላጣም።"

"ምን ልትላቸው?"

ዋና ጋጋሪው ሦስቱን ዘለላ በወረቀት ጠቀለሉ። "ሽርጥህን ልበስ" አሉት።

ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ገቡ። ያልተላጨውን ራስ እያዩ እርስ በርስ ተጠቃቀሱ። ሊጥ አቡኪው በጆሮው "አብደሃል?" ብሎት አለፈ። ሞገደኛው ሊጡን ቆርጦ ማድቦልቦል ጀመረ፤ ሽማግሌው ምን እንደሚሉ አያውቅም። ነገሩ በእሳቸው እጅ ነው። አሁንም ተላጭ ቢሉት የሚላጭ ይመስለዋል።

ዋና ጋጋሪው ገበታውን በመዳፋቸው ሁለቴ መቱ።

"ስሙ። ትናንት ከዳቦው የወጣው ጸጉር የኔ ነው።"

ሁሉም የሚያበራውን አናት አዩ። መጀመሪያ ሊጥ አቡኪው አፉን በክንዱ ሸፈነ፣ ትከሻው ግን ከዳው፤ ከዚያ አንዱ አመለጠው፣ ከዚያ ሁሉም። ዋና ጋጋሪው አልከለከሏቸውም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ብሩሹን ገበታው ላይ አኖሩት፣ ሦስቱን ዘለላም አጠገቡ ደረደሩ። ሳቁ ወዲያው ሞተ።

"እኔ ሳላጣራ ፈረድኩ" አሉ። "ጸጉር የረዘመ እሱ ነው ብዬ ጸጉሩን ከሰስኩ። የራሴን ዕቃ አንዴ እንኳ አላየሁም፤ የኔ ስለሆነ። እሱ ግን ሊዋሽልኝ ተዘጋጅቶ ነበር።" ብሩሹን ምድጃው ውስጥ ወረወሩት። ክፉ ሽታ ሸተተ፤ ማንም አፍንጫውን አልያዘም። "አሁን ቆብህን አውልቅና እንዴት እንደምታስረው አሳያቸው። አጭርም ጸጉር ይረግፋል። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት መረብና ሻሽ ሳያደርግ ሊጥ የሚነካ የለም።"

ሞገደኛው ቆቡን፣ ሻሹን፣ መረቡን ከገበታው ርቆ አንድ በአንድ አወለቀ፤ ጸጉሩ ወረደ። አብዛኞቹ ተፈትቶ አይተውት አያውቁም ነበር። ሊጥ አቡኪው "ወይ ጉድ" ብሎ ቀልዱ ጠፋበት። ሞገደኛው ደግሞ መልሶ እየጠቀለለው እንደ አስተማሪ እየዞረ አሳያቸው። በዚያ ቤት ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ሲቆም የመጀመሪያው ነበር፤ አማረበትም።

ዋና ጋጋሪው ሽርጣቸውን ፈተው ኮታቸውን ለበሱ። "አንተ ተከተለኝ" አሉት።

"የት ነው ጋሼ?"

"ሆስፒታል። ለሴትዮዋ ራሴ ነኝ የምነግራት።" በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። ሞገደኛው ቆቡን መልሶ ጸጉሩን ከቶ ነበር። "ቆቡን ተወው" አሉት። "ፍታው። ስሙን ያጠፋሁትን ጸጉር በደንብ ትየው።"

ሞገደኛው በዝግታ እሺ አለ። ጸጉሩን ለቀቀው። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ሽማግሌው በራ አናታቸውን ይዘው፣ እሱ ትከሻው ላይ የወረደውን ይዞ፣ በዋናው መንገድ መሀል ጎን ለጎን ሄዱ። ሰው ዞር እያለ ያያቸዋል። ሽማግሌው አንገታቸውን አልደፉም፤ እሱም አልደፋም።